ከአርባ ሦስት አንድ

በ1971 (በዚህ ጽሑፍ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሄልሙት ማርኮ የተባለ ኦስትሪያዊና ኺይስ ፋን ሌኔፕ የተባለ ሆላንዳዊ፣ 22 ቁጥር የተጻፈባትን ነጭ ፖርሽ 917 በፈረንሳይ፣ ሌ ማን ከተማ ዳርቻ እየተፈራረቁ 24 ሰዓት ነዷት። ሲያበቁ 5,335 ኪሎ ሜትር ሄደው ነበር። ከአዲስ አበባ ፓሪስ በአየር ያለው ርቀት ከዚህ እምብዛም አይበልጥም። እነሱ ግን የትም አልሄዱም፤ 13 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ የሆነች አንዲት መንገድ ሲዞሩ አድረው ሲዞሩ ዋሉ። ለነዳጅ፣ ለጎማና ለሾፌር ቅያሪ የቆሙበት ሰዓት ሳይቀነስላቸው አማካይ ፍጥነታቸው በሰዓት 222 ኪሎ ሜትር ነበር። ያንን ርቀት እስከ 2010 ድረስ፣ ማለትም ለ39 ዓመት፣ ማንም አልደረሰበትም።

ያቺ መኪና እኔ ቤት አለች። ቁመቷ 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ከእውነተኛዋ 43 ጊዜ ታንሳለች። ርቀቱንም በዚያው ልክ ብናሳንሰው 124 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ደብረ ብርሃን ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ማለት ነው።

እንዲህ ያሉ መኪኖችን ነው የምሰበስበው። 24 ሰዓት፣ 12 ሰዓት፣ 1,000 ኪሎ ሜትር የሚሮጡትን፣ በተለይ ከ1950ዎቹ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ያሉትን። የሚነዱ አይደሉም፣ በራቸውም አይከፈትም። «ታዲያ ትልቅ ሰው በመጫወቻ ምን ይሠራል?» የሚለኝ ሰው አላጣም። መልሴ አንድ ነው፦ እነዚህ መጫወቻዎች አይደሉም፤ መዝገብ ናቸው። መዝገብ ደግሞ የሚጽፈው ሰው ስላለ፣ የሚጨምረውም የሚደብቀውም ነገር አለው። ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ስለዚህ ነው።

እስቲ ከቁጥሩ እንጀምር። ለምን 43? ለምን 40 ወይም 50 አልሆነም? ነገሩ ከመኪና ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ የመጣው ከባቡር ነው። የሊቨርፑሉ ፍራንክ ሆርንቢ በ1920ዎቹ ለልጆች የሚሸጣቸው ባቡሮች የተለኩት አንድ ጫማ የሚባለውን የእንግሊዝ ርዝመት በ7 ሚሊ ሜትር በመመንዘር ነበር። አካፍሉት፤ 43 ተኩል ይመጣል። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ይኸው ድርጅት ከባቡሩ ጎን የሚቆሙ ትንንሽ መኪኖችና ሰዎች ማውጣት ጀመረ። ኋላ ዲንኪ ቶይስ ተብለው ዓለምን የሞሉት እነዚህ ናቸው። መኪናዋ የባቡር ጣቢያ ማሟያ ነበረች፤ ባቡሩ ሲረሳ እሷ ቀረች። ልኩንም እንደ ውርስ ይዛው ቀረች።

ዲንኪ ብዙ ጊዜ በልኩ ላይ ጥብቅ አልነበረም። 43ን እንደ ሕግ ያጸኑት ይበልጡን ፈረንሳዮቹ ናቸው። ሶሊዶ በ1957 የጀመረው ተከታታይ ሥራ የመጀመሪያ መኪናው ጃጓር ዲ ታይፕ ነበረች፤ ሌ ማንን በ1955፣ በ1956 እና በ1957 በተከታታይ ያሸነፈችው። ልብ በሉ፣ መኪናዋ ገና እየተወዳደረች ሳለ ነው ትንሿ ሱቅ የገባችው። አንድ የፈረንሳይ ልጅ ቅዳሜ ዕለት ከአባቱ ጋር አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ያያትን መኪና ሰኞ በኪሱ ይዟት ትምህርት ቤት ሊሄድ ይችል ነበር።

የሞዴል መኪና ታሪክ የሚነበበው ከፊቷ አይደለም፣ ገልብጣችሁ ሆዷን ስታዩ ነው። የድሮዎቹ ሆድ ላይ «በእንግሊዝ የተሠራ»፣ «በፈረንሳይ የተሠራ» የሚል አለ። ከዚያ ፖርቱጋል ትመጣለች። ከዚያ ሆንግ ኮንግና ማካዎ፣ በመጨረሻም ቻይና። የሊቨርፑሉ የዲንኪ ፋብሪካ በ1979 ተዘጋ። ማችቦክስን ይሠራ የነበረው የለንደኑ ሌዝኒ በ1982 ከሰረ። ኮርጂን ይሠራ የነበረው ሜቶይ በ1983 ተከተለው። በአራት ዓመት ውስጥ የእንግሊዝ ሦስት ትልልቅ የመጫወቻ ፋብሪካዎች ወደቁ ማለት ነው። ስለ እንግሊዝ ኢንዱስትሪ ውድቀት ብዙ መጻሕፍት ተጽፈዋል፤ እኔ ግን መጀመሪያ ያነበብኩት ከመኪና ሆድ ላይ ነው።

ፋብሪካዎቹ ሲወድቁ ነገሩ አልሞተም፤ እጅ ቀየረ። በ1970ዎቹ እንግሊዝና ፈረንሳይ ውስጥ ጥቂት ሰዎች በቤታቸው ጠረጴዛ ላይ ነጭ ብረት እያቀለጡ፣ ኋላም ሬዚን የሚባለውን ፕላስቲክ መሰል ነገር ጎማ ሞልድ ውስጥ እያፈሰሱ፣ መኪኖችን በቁርጥራጭ መሸጥ ጀመሩ። ገዢው ራሱ ይሞርዳል፣ ይቀባል፣ ቁጥሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ ይለጥፋል። በጎማ ሞልድ የሚወጣው ቁጥር ጥቂት ነው፤ ጥቂት መሆኑ ግን አንድ ትልቅ ነገር ለወጠ። የብረት ሞልድ ውድ ስለሆነ ፋብሪካ በሺዎች መሸጥ አለበት፤ በሺዎች የሚሸጠው ደግሞ አሸናፊው ነው። ጥቂት መቶ ብቻ የሚያወጣ ሰው ግን አሥራ አራተኛ የወጣችውንም፣ ሦስተኛው ሰዓት ላይ ሞተሯ የነደደውንም መሥራት ይችላል። ዛሬ የአንድ ዓመት የሌ ማን ተወዳዳሪዎችን ከሞላ ጎደል በሙሉ በ43 ልክ ማሰለፍ ይቻላል። ተሸናፊው መዝገብ ውስጥ የገባው በዚህ መንገድ ነው።

የዚህ ነገር ሁነኛ ምስክር አሳማዋ ናት። በዚያው በ1971 ውድድር ፖርሽ ከመደበኛዋ 917 ሰፋ ያለች፣ ወፍራም፣ ለሙከራ የተሠራች አንዲት መኪና አሰልፎ ነበር። ቅርጿ ስላላማረ የፖርሽ ንድፍ ክፍል ሮዝ ቀባትና በላይዋ ላይ ሥጋ ቤት ግድግዳ ላይ እንደሚሰቀለው ሥዕል የነጥብ መሥመር አሰመረባት። በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥ የብልቱ ስም በጀርመንኛ ተጻፈ፤ አፍንጫ፣ ጆሮ፣ አንገት፣ ታፋ። ዶሮን 12 ብልት የምናወጣ ሰዎች ቀልዱ ለማንም ሳይሆን ለእኛ ነበር የሚገባን፤ አሳማ ባንበላም። ሮዟ አሳማ ሌሊት ላይ ተጋጭታ ወጣች፤ ውድድሩን አልጨረሰችም። ዛሬ ግን የሞዴል ገበያ ሂዱና ጠይቁ፣ 39 ዓመት ሙሉ ርቀቷ ያልተሰበረው ነጯ አሸናፊ ከምትፈለገው ይልቅ አሳማዋ ትፈለጋለች። ሰው የሚያስታውሰው የጨረሰውን ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። ሞዴል የምንን ልክ ነው የሚይዘው? «የመኪናዋን» ትሉ ይሆናል። አይደለም። የያዘው የአንዲት ሰዓት መልኳን ነው።

ሻንሲ ቁጥሯ 1075 የሆነች አንዲት ፎርድ ጂቲ 40 አለች። በ1968 ፔድሮ ሮድሪጌዝና ሉሲያን ቢያንኪ በቁጥር 9 ሌ ማንን አሸነፉባት። በቀጣዩ ዓመት ያቺው ራሷ፣ ያው ሻንሲ፣ ያው የገልፍ ነዳጅ ኩባንያ ሰማያዊና ብርቱካናማ ቀለም፣ በቁጥር 6 በጃኪ ኢክስና በጃኪ ኦሊቨር እጅ ደግማ አሸነፈች። በእውኑ ዓለም አንዲት መኪና ናት። እኔ መደርደሪያ ላይ ግን ሁለት ናት፣ ጎን ለጎን ቆማለች። ከፍታዋ 40 ኢንች ስለሆነ ነው 40 የተባለችው፤ በእኔ ልክ ሁለት ሳንቲ ሜትር ከሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሁለቱን የሚለያቸው የቁጥር ክብና ጥቃቅን ነገር ነው። በመሃላቸው ያለው ግን አንድ ሙሉ ዓመት ነው።

በዚያ በ1969 የሆነውን የማያውቅ ሰው ቁጥር 6ን ከቁጥር 9 የሚለይበት ምክንያት የለውም። በዚያን ዘመን ሌ ማን የሚጀመረው ሾፌሮቹ ከመንገዱ ማዶ ቆመው፣ ባንዲራው ሲወርድ ሮጠው መኪናቸው ውስጥ ዘለው በመግባት ነበር። የሚቸኩል ሰው ቀበቶ አያስርም፤ ብዙዎቹ ለማሰር የሚሞክሩት ስድስት ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆነው ቀጥተኛ መንገድ ላይ እየበረሩ ነው። የ24 ዓመቱ ኢክስ ይህን በመቃወም ሁሉም ሲሮጥ እሱ ቀስ ብሎ ተራመደ። ገባ፣ ቀበቶውን አሰረ፣ ከሁሉ ኋላ ተነሣ። በዚያው በመጀመሪያው ዙር ጆን ዉልፍ የተባለ እንግሊዛዊ በፖርሽ 917 ተጋጭቶ ሞተ። ከ24 ሰዓት በኋላ በእግሩ ተራምዶ የጀመረው ኢክስ የሃንስ ኸርማንን ፖርሽ 120 ሜትር በሚሆን ልዩነት ቀድሞ ገባ። በቀጣዩ ዓመት ሾፌሮቹ መኪና ውስጥ ተቀምጠው፣ ቀበቶ አስረው ነው የጀመሩት። ኸርማንም በዚያው ዓመት ከሪቻርድ አትዉድ ጋር ሆኖ ለፖርሽ የመጀመሪያውን የሌ ማን አጠቃላይ ድል አመጣና መወዳደር አቆመ።

እንግዲህ ቁጥር 6ን ሳይ የማየው ተራማጅ ሰው ነው። ሞዴሏ ውስጥ ግን ሰው የለም። መሪው አለ፣ መቀመጫው አለ፣ ከቀጭን ብረት የተቆረጠው የቀበቶ ዘለበት ሳይቀር አለ። ታሪኩን የሚጨምርበት ባለቤቱ ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ባለቤቱ ከሚጨምረው በላይ ይፈርዳል። ሄንሪ ፎርድ ዳግማዊ በ1963 ፌራሪን ሊገዛ ሞክሮ በመጨረሻው ሰዓት ኤንዞ ፌራሪ እምቢ ስላለው የሌ ማን እልህ ውስጥ መግባቱን ብዙዎቻችሁ ከፊልምም ታውቁታላችሁ። በ1966 ሦስት ፎርዶች አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ሆነው ገቡ፤ ጥቁሯ ቁጥር 2 በብሩስ ማክላረንና በክሪስ ኤመን፣ ውሃ ሰማያዊዋ ቁጥር 1 በኬን ማይልስና በዴኒ ሃልም፣ ወርቃማዋ ቁጥር 5 ደግሞ ከኋላ። የፎርድ ኃላፊዎች ሁለቱ እኩል እንዲገቡ ፈልገው ነበር። አዘጋጆቹ ግን የማክላረን መኪና ሲጀመር ከኋላ ስለተነሣች የበለጠ መንገድ ሄዳለች ብለው ድሉን ለእሷ ሰጡ። ማይልስ በዚያው ዓመት የዴይቶናን 24 ሰዓትና የሴብሪንግን 12 ሰዓት አሸንፎ ነበር፤ ሌ ማንን ቢጨምር ሦስቱን በአንድ ዓመት የጠቀለለ የመጀመሪያው ሰው ይሆን ነበር። ሁለት ወር አልሞላም፣ በነሐሴ፣ አዲስ መኪና ሲሞክር ሞተ።

ሦስቱን መኪኖች መደርደሪያ ላይ ስታስቀምጡ የማንን አፍንጫ ታስቀድማላችሁ? ይህ ጥያቄ በሰብሳቢዎች መካከል እንደ ሃይማኖት ክርክር ነው። ማይልስን ግማሽ ሳንቲ ሜትር የሚያስቀድሙ አሉ፤ እኩል የሚያሰልፉም አሉ። እኔ ቁጥር 2ን ነው ያስቀደምኩት። ፍርዱ ፍትሐዊ ስለመሰለኝ አይደለም። መዝገብ ነው ካልኩ የሆነውን እንጂ የተመኘሁትን መጻፍ አልችልም። ለማይልስ የማደርግለት ሌላ ነው፤ የዴይቶናውን መኪናውን ገዝቼ ከፊት ረድፍ አቁሜለታለሁ። የሌለበትን ቦታ ከምሰጠው የነበረበትን ቦታ ባሳይለት ይሻላል።

የሆነው ሁሉ ታዲያ መደርደሪያ ላይ ይወጣል? እዚህ ላይ ነው የራሴ ወሰን ያለው።

ጁን 11 ቀን 1955 ምሽት፣ ውድድሩ ሦስተኛው ሰዓት ላይ፣ የማይክ ሆውቶርን ጃጓር ወደ ነዳጅ መቅጃው ለመግባት ፍሬን ያዘ። ከኋላው የነበረው የላንስ ማክሊን ኦስቲን ሂሊ ለመሸሽ ወደ ግራ ወጣ። ከእሱ ኋላ በሙሉ ፍጥነት ይመጣ የነበረው የፒየር ለቬግ መርሰዲስ 300 ኤስኤልአር የማክሊንን ጀርባ ወጥቶ ወደ አየር ተነሣና ከመንገዱ ዳር ካለው የአፈር መከላከያ ላይ ወደቀ። ሞተሩና የፊት ክፍሉ ተገንጥለው ሕዝቡ መሃል ገቡ። ለቬግን ጨምሮ ከ80 በላይ ሰው ሞተ። ውድድሩ አልቆመም፤ አዘጋጆቹ ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ከወጣ መንገዱ ለአምቡላንስ ይዘጋል የሚል ምክንያት ሰጡ። መርሰዲስ ግን ሌሊት ላይ ቀሪ መኪኖቹን አስወጣ። ፋንጂዮና ሞስ የሚነዷት ቁጥር 19 ያን ጊዜ እየመራች ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ኩባንያው ከውድድር ዓለም ወጣ፤ ወደ ሌ ማን የተመለሰው ከ30 ዓመት በኋላ ነው። ስዊዘርላንድም የመኪና ዙር ውድድርን በሕግ ከለከለች።

የለቬግ መኪና ቁጥር 20 ነበረች። በሞዴል ትገኛለች። ብርማ፣ ንጹሕ፣ የምታበራ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ከመጀመሪያው መሥመር ላይ እንደቆመችው ሆና። የብዙ ሰብሳቢዎችን ክርክር ሰምቻለሁ፤ «ታሪክ ነው፣ ታሪክ አይመረጥም» ይላሉ። እውነት አላቸው። ሆኖም ሞዴል የሚያስቀር መልክ ነው፤ እዚያ ቀን የሆነውን ነገር ግን ያቺ ንጽሕት መኪና አታስቀርም፣ ትሸፍናለች እንጂ። ከ80 በላይ ሰው 10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ አይገባም።

እኔ ለቬግን የያዝኩት በሌላ መኪና ነው። በ1952፣ ከአደጋው ሦስት ዓመት በፊት፣ ይህ ሰው በራሱ ታልቦ መኪና ሌ ማን ገብቶ መሪውን ለባልደረባው አልሰጥም ብሎ 23 ሰዓት ያህል ብቻውን ነዳ። ይመራ ነበር። የመጨረሻው ሰዓት ላይ ሞተሩ ተሰበረ። ድሉን ያገኘው ማን መሰላችሁ? መርሰዲስ። በ1955 መርሰዲስ ራሱ ጠርቶ መኪና የሰጠው ያንን ጽናቱን አይቶ ነው ይባላል፤ ዕድሜው ያን ጊዜ 49 ነበር። ያቺ የፈረንሳይ ሰማያዊ የተቀባች ታልቦ ከቁጥር 19 ጎን ቆማለች። የሚጠይቀኝ ሰው ካለ ከእሷ ጀምሬ ነው የማወራው፤ ወደ 1955 እንደርሳለን።

ሌላው ወሰን በሕግ የመጣ ነው። በ1982 ፖርሽ 956 የተባለች አዲስ መኪና ይዞ መጣና ቁጥር 1፣ ቁጥር 2 እና ቁጥር 3 በዚያው ቅደም ተከተላቸው አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ወጡ። ከአንድ ፋብሪካ ይህን የመሰለ ትዕቢት የታየበት ጊዜ ብዙ አይደለም። ሦስቱም ላይ ጥቁር ሰማያዊና ነጭ፣ በመሃሉ ወርቃማና ቀይ መሥመር ነበር፤ የሮትማንስ ሲጋራ ቀለም ነው። በ1988 ያሸነፈችው ጃጓርም ሲልክ ከት የሚል የሲጋራ ስም ነበረባት። ከዚያ ፈረንሳይ በ1991 የትምባሆ ማስታወቂያን የሚከለክል ሕግ አወጣች፤ የአውሮፓ ኅብረትም በ2003 ተመሳሳይ ውሳኔ ላይ ደረሰ። ሞዴል ሠሪዎች ስሙን አወጡት። አሁን የምትገዙት 956 ቀለሙ እንዳለ ነው፤ ስሙ ያለበት ቦታ ግን ባዶ ነው። ስሙን ለብቻው በትንሽ ፖስታ የሚሸጡ ሰዎች አሉ፤ ሰብሳቢው ይገዛና በውሃ ነክሮ ራሱ ይለጥፋል። ሳይለጥፍ ያሳየ ሰው «ያልተጠናቀቀ» ይባላል።

መዝገብ ነው ካልኩ መለጠፍ ነበረብኝ፤ ለማይልስ የነገርኳችሁ ሕግ እዚህም መሥራት አለበት አይደል? ነገር ግን አባቴ በቀን ሁለት ፓኮ የሚያጨስ ሰው ነበር፤ የሞተውም በሳንባ ካንሰር ነው። መጨረሻ ላይ ሦስት ደረጃ ለመውጣት ሁለት ጊዜ ያርፍ ነበር። የመኪና ፍቅርን ያስተማረኝ እሱ ነው። ስለዚህ ፖስታውን ገዝቻለሁ፤ ስሙ መኖሩን አልክድም፣ አልጣልኩትምም። ግን አልለጠፍኩትም። መኪናዋ ሥር ታጥፎ ተቀምጧል። አንስቶ የሚያይ ያየዋል።

አባቴ ቮልስ ነበረው። እዚህ ላይ አዲስ አበባ ከሌ ማን ጋር የምትገናኝበት እውነተኛ ክር አለ። ቮልስን የነደፈው ፈርዲናንድ ፖርሽ ነው። ልጁ ፌሪ ከዚያችው መኪና ዕቃ ተነሥቶ 356 የምትባለውን የመጀመሪያዋን ፖርሽ ሠራ። በ1951 ኦገስት ቬዩዬና ኤድሞን ሙሽ የተባሉ ሁለት ፈረንሳዮች አንዲት 356 ይዘው ሌ ማን ገቡና በ1,100 ሲሲ ምድብ አሸነፉ፤ ፖርሽ በዚያ ሜዳ ያገኘው የመጀመሪያ ድል ነው። ሞተሯ ከኋላ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ አራት ሲሊንደር፣ ግራና ቀኝ የተኛ፤ የአራት ኪሎም የፒያሳም ሜካኒክ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያወርደው ሞተር የቅርብ ዘመድ። ከ18 ዓመት በኋላ የመጣችው የ917 ሞተር 12 ሲሊንደር ነበራት፤ አሁንም የምትቀዘቅዘው በውሃ ሳይሆን ከላዩ በተቀመጠ ትልቅ ፋን በሚነፋ አየር ነው። ያንን ሥራ የመራው ፈርዲናንድ ፒየክ የሽማግሌው ፖርሽ የልጅ ልጅ ነው። አባቴ «ይቺ መኪና ውሃ አትጠጣም፣ እንደ ግመል ናት» ይል ነበር። ማርኮና ፋን ሌኔፕ 5,335 ኪሎ ሜትር የሄዱት ውሃ በማትጠጣ መኪና መሆኑን ሳይሰማ ሞተ።

እኛም በልጅነታችን ሞዴል ሠርተናል፤ ስሙን አናውቀውም እንጂ። ሽቦ አጣምመን፣ ቆርኪ ወይም የተቀደደ ነጠላ ጫማ በክብ ቆርጠን ጎማ አድርገን፣ ረጅም የሽቦ መሪ አውጥተን እየሮጥን የምንነዳት። ልክ አልነበራትም። የቱ ቮልስ፣ የቱ ፊያት እንደሆነች ግን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ የኮፈኑ ጥምዝ ይበቃል። ዛሬ በኮምፒውተር የሚለካው ሬዚን ሞዴልም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ምክንያቱም ልክን ብቻ ብትከተሉ መኪናዋ አትመስልም። የአንድ ሚሊ ሜትር አሥረኛ የሆነ ቀለም በ43 ሲባዛ ከአራት ሚሊ ሜትር በላይ ይሆናል፤ መኪናዋን የግድግዳ ልስን ያለበሷት ያህል ነው። ስለዚህ ጥሩ ሠሪ እዚህ ይቀንሳል፣ እዚያ ያጋንናል። እንደ ሽቦው ልጅ ዓይኑን ያምናል።

የማይያዝ ነገርም አለ። በ1991 ያሸነፈችው ማዝዳ 787ቢ ብርቱካናማና አረንጓዴ ናት፤ በቀለሟ ማንም አይስታትም። ግን ያያት ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያወራው ስለ ድምጿ ነው። ሞተሯ ፒስተን የለውም፤ ውስጡ አራት ሦስት ማዕዘን ብረቶች ይሽከረከራሉ፤ ጩኸቱም ጆሮ የሚበሳ ነበር። ለጃፓን ፋብሪካ የመጀመሪያው የሌ ማን ድል ነው። መጨረሻውን የነዳው ጆኒ ኸርበርት በድካምና በውሃ ጥም ተዝለፍልፎ መድረኩ ላይ መውጣት አልቻለም። የእኔዋ ማዝዳ ዝም ብላ ቆማለች።

ለመጨረሻ ያቆየሁት የሚያስፈራኝን ነው። ሞዴሎች ይሞታሉ። አብዛኞቹ የብረት ሞዴሎች የሚሠሩት ዛማክ ከሚባል ድብልቅ ነው፤ ዚንክ፣ አሉሚኒየም፣ ማግኒዚየምና መዳብ። ሲቀልጥ ጥቂት እርሳስ ከገባበት፣ ለዓይን የማይታይ ያህል ቢሆን እንኳ፣ እርጥበት እያገኘ ከውስጥ መበላት ይጀምራል። ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል፣ በመጨረሻ በእጅ ስትነኩት ይፈርሳል። መድኃኒት የለውም። እኔ የዚንክ ነቀዝ እለዋለሁ፤ ጎተራ ውስጥ ያለ ማሽላ ከላይ ደህና መስሎ ውስጡ ዱቄት እንደሚሆነው ነው። ከ1930ዎቹ የቀሩ ብዙ ዲንኪዎች እንዲህ ጠፍተዋል። የድሮ በሽታ ነው ብዬ ነበር። ነገር ግን ከ20 ዓመት በፊት የወጣችው የእኔ ቁጥር 6፣ የተራማጁ መኪና፣ በግራ በሯ ሥር ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አውጥታለች። ከርሟል፣ ረዝሟልም።

ከ1075 የተወሰደችው ሞዴል እየፈረሰች፣ እውነተኛዋ 1075 ግን እስከ ዛሬ አለች። ቅጂው ከዋናው ቀድሞ ሊያረጅ እንደሚችል ከዚህ በፊት አስቤው አላውቅም። በዚህ ምክንያት ከባለፈው ዓመት ጀምሮ ደብተር ይዣለሁ። ለእያንዳንዷ መኪና አንድ ገጽ፤ የየትኛው ዓመት፣ የየትኛው ሰዓት መልክ እንደሆነ፣ ማን እንደነዳት፣ ማን እንደሞተባት፣ ሥሯ የተቀመጠው ፖስታ ለምን እንዳልተለጠፈ። በአማርኛ ነው የምጽፈው። ሴት ልጄ የፊደሉ ንባብ ቢከብዳትም ትሞክራለች፤ የ1952ቱን የለቬግ ገጽ እስከ ግማሹ አንብባ «ታዲያ ለምን ለጓደኛው አልሰጠውም?» ብላ ጠይቃኛለች። እስካሁን የሰጠኋት መልስ አላጠገባትም። የቁጥር 6ን ገጽ ገና አልጨረስኩም፤ ስንጥቁን በየወሩ እየለካሁ እጽፍበታለሁ። ትናንት 11 ሚሊ ሜትር ነበር።